የበጋውን ውሃ መጠበቅ፦ አንድ ወንዝ ለሚጋሩ ሰዎች

ሥራዬ ወንዝ መለካት ነው። የተፋሰስ ኮሚቴዎች ሲጠሩኝ መጀመሪያ የሚያነሱልኝ ጥያቄ "ወንዛችን ምን ያህል ውሃ አለው?" የሚል ነው። እኔም መልሼ "በየትኛው ወር?" እላለሁ። በዝናብ ወራት ሁሉም ወንዝ ሀብታም ነው። ያ ውሃ ግን ማጠራቀሚያ ከሌለ አፈር ተሸክሞ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። ሰው፣ ከብት፣ ማሳና ዓሣ ተሻምተው የሚኖሩት ዝናቡ ካባራ ከወራት በኋላ በሚፈሰው ቀጭን ውሃ ነው። የጠቡም መነሻ እሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚዞረው በበጋው ፍሰት ዙሪያ ነው፦ እንዴት እንደሚለካ፣ እንዴት እንደሚካፈሉት፣ እንዴት እንደሚጎለብትና እንዳይበከል እንዴት እንደሚጠበቅ። ባለ ቀለም ካርታና ወፍራም ዕቅድ ይዘው የበጋ ፍሰታቸውን ግን የማያውቁ ተፋሰሶች አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ቁጥሩን ለማግኘት የሚያስፈልገው ሜትር፣ ገመድና ሰዓት ብቻ ነው።

ይህ ቀጭን ውሃ የዘንድሮ ደመና የጣለው ብቻ አይደለም። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት ዘንቦ አፈር ውስጥ የሰረገና ቀስ እያለ ወደ ወንዙ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ይህን መያዝ ያስፈልጋል። ወንዙ ዳር የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ላይ ተራራው ላይ የተራቆተ ቁልቁለትና ታች የደረቀ ቦይ የአንድ ውሃ ጉዳይ ናቸው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ድንበሩን

የተፋሰሱ ድንበር የቀበሌ ወይም የወረዳ መስመር አይደለም። ዝናብ ሲወርድ ውሃው ወደ እናንተ ወንዝ የሚመጣበትን መሬት ከጎረቤት ወንዝ መሬት የሚለየው የኮረብታው ጫፍ ነው። የከፍታ መስመር ያለው ካርታ ካገኛችሁ ጫፉን ተከትላችሁ አስምሩ፤ ከዚያ ከላይም ከታችም ሰው ይዛችሁ በእግር አረጋግጡ። መንገድና የመንገድ ዳር ቦይ ውሃውን ወደማይገባው ተፋሰስ አዙረውት ማግኘት የተለመደ ነው፤ ካርታው ደግሞ ይህን አያሳይም።

ስፋቱን ካወቃችሁ አንድ ሒሳብ ሥሩ። በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። 50 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 45 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ቁጥሩ አያስጎምዣችሁ። በዓለም ደረጃ በየብስ ላይ ከሚዘንበው ከግማሽ በላዩ በትነትና በዕፅዋት በኩል ተመልሶ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ከቀረውም ብዙው ጎርፍ ነው። ሒሳቡ የሚጠቅመው ምን ያህል ውሃ ሳንይዘው እንደሚያልፍ ለማየት ነው።

ልኬት

እዚህ ላይ ትንሽ እዘገያለሁ፤ ምክንያቱም ሌላው ሥራ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚፈስበት፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ የማይበዛበት፣ ውሃው ቆሞ የማይሽከረከርበት 10 ሜትር ያህል ቦታ ምረጡ። ከዳር እስከ ዳር ገመድ ወጥሩና በየግማሽ ሜትሩ ጥልቀቱን በዘንግ ለኩ። አማካዩን ጥልቀት በወርዱ ስታባዙት የውሃውን መቁረጫ ስፋት ታገኛላችሁ። ከዚያ ተንሳፋፊ ልቀቁ። እኔ ከሁሉ የምወደው ብርቱካን ነው። አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሰጥም ነፋስ አይገፋውም፤ ቀለሙም ከሩቅ ይታያል። ከመነሻው ገመድ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ጣሉት፤ የውሃውን ፍጥነት ይዞ ገመዱን ሲያቋርጥ ሰዓቱን ጀምሩ፣ የመጨረሻውን ሲያልፍ አቁሙ። በግራ፣ በመሀልና በቀኝ ደጋግሙና አማካዩን ውሰዱ። የላዩ ውሃ ከሥሩ ስለሚፈጥን ያገኛችሁትን ፍጥነት በ0.85 አባዙ፤ ወንዙ ጥልቀት የሌለውና ድንጋያማ ከሆነ ከዚያም ዝቅ አድርጉት።

ምሳሌ ላስቀምጥ። ወርዱ 3 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወንዝ መቁረጫው 0.6 ካሬ ሜትር ነው። ብርቱካኑ 10 ሜትሩን በ25 ሰከንድ ካለፈ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው፤ በ0.85 ሲባዛ 0.34። ፍሰቱ እንግዲህ በሰከንድ 204 ሊትር፣ በቀን 17,600 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ለትንሽ ምንጭ ባልዲና ሰዓት ይበቃል፦ 20 ሊትር በ8 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 2.5 ሊትር ነው። ከዚያ ከፍ ላለ ጅረት ሳንቃ ወይም ላሜራ ላይ 90 ዲግሪ ሦስት ማዕዘን ቆርጣችሁ ውሃው በዚያ ብቻ እንዲያልፍ አድርጉ። ከቁርጡ የታችኛው ሹል ጫፍ በላይ ያለው የውሃ ከፍታ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በሰከንድ 4.4 ሊትር ያህል ያልፋል፤ 20 ከሆነ ወደ 25 ሊትር። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ውሃው ከአምስት እጥፍ በላይ ያድጋል ማለት ነው፤ ስለዚህ የአንድ ጣት ስሕተት ቀላል አይደለም። ከፍታውን ቁርጡ አፍ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ራቅ ብላችሁ ለኩ፤ ውሃው ሊወድቅ ሲል ዝቅ ይላል።

ቀጥሎ ስታፍ ጌጅ ትከሉ፤ በሳንቲ ሜትር የተከፋፈለ ባለ ቁጥር ዘንግ ነው። በጎርፍ በማይነቀል ድልድይ ወይም አለት ላይ ይታሰር። አንድ ሰው ጠዋትና ማታ በተመሳሳይ ሰዓት ያንብብ። ፍሰቱን በተለያየ ከፍታ ላይ ደጋግማችሁ ከለካችሁ በኋላ ሁለቱን አያይዛችሁ ሠንጠረዥ ትሠራላችሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከፍታውን ማንበብ ብቻ ፍሰቱን ይነግራችኋል። ትልቅ ጎርፍ ካለፈ ግን የወንዙ ወለል ስለሚቀየር ሠንጠረዡን እንደገና ፈትሹ።

አንባቢውን ቁጥር ብቻ እንዳይጽፍ አስተምሩት። ጠዋት ዘንጉ ላይ ከውሃው በላይ ሁለት ጣት ያህል እርጥብ ቀለበት ካለ፣ ውሃው ገና አሁን ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ላይ ቤት አንድ ቦይ ተከፍቷል ወይም ፓምፕ ተነሥቷል። ቀለበቱ ደርቆ ጭቃው ከተሰነጠቀ መውረዱ ቆይቷል። በሞቃት ቀን ከሰዓት በኋላ ማንም ሳይነካው ጥቂት የሚወርድና ሌሊት የሚመለስ ወንዝም አለ፤ ዳር ያሉት ዛፎች እየጠጡት ነው። እነዚህን የሚለይ አንባቢ ያለው ኮሚቴ ሰው ያለ ጥፋቱ አይከስም።

በበጋው መሀል ደግሞ በአንድ ቀን ከላይ እስከ ታች በተለያዩ ነጥቦች ለኩ። በሁለት ነጥቦች መካከል ገባር ሳይኖር ውሃው ከጨመረ እዚያ ምንጭ አለ፤ ያ ቦታ እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቅ። ማንም ሳይጠልፈው ከቀነሰ ወደ መሬት እየሰረገ ነው፣ ወይም አጠገቡ ያለ ጉድጓድ እየሳበው ነው።

ክፍፍል

አሁን 204 ሊትሩን እናምጣ። በቀን 6 ሚሊ ሜትር ውሃ የሚፈልግ ሰብል በሄክታር 60 ሜትር ኩብ ይጠጣል። 17,600ን በ60 ስናካፍል 293 ሄክታር ይመጣል። ይህ ግን እያንዳንዱ ጠብታ ሥር ላይ ቢደርስና ለወንዙ ምንም ባይቀር ነው። በአፈር ቦይ ግማሹ መንገድ ላይ ቢቀር 146 ሄክታር ይሆናል። ለመጠጥ፣ ለከብትና ለወንዙ ራሱ አንድ አራተኛውን ካስቀደማችሁ ወደ 110 ሄክታር ይወርዳል። 300 ሄክታር የተመዘገበበት መዝገብ ይዘው የሚጨቃጨቁ ሰዎች ይህን ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ሲያዩት ጸጥ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ንግግር የሚጀመረው።

ክፍፍሉን በጥሩ ዓመት ላይ አትመሥርቱ። እ.ኤ.አ. በ1922 የሰባት የአሜሪካ ግዛቶች ተወካዮች የኮሎራዶን ወንዝ በስምምነት ሲከፋፈሉ የተጠቀሙት መዝገብ ከተለመደው በላይ ዝናባማ የነበሩ ዓመታት መዝገብ ነበር። የተከፋፈሉትም በቁርጥ መጠን ነው። ወንዙ የሌለው ውሃ በወረቀት ላይ ቃል ተገባ፤ የዚያ ውዝግብ እስከ ዛሬ አልበረደም። የስፔኗ ቫሌንሲያ ገበሬዎች መንገድ ከዚህ ይሻላል ባይ ነኝ። ቦዮቹ ወንዙን የሚካፈሉት በሊትር ሳይሆን በድርሻ ነው፤ ወንዙ ሲቀንስ የሁሉም እኩል ይቀንሳል። ክርክር ሲነሣ ገበሬዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ዳኞች በየሳምንቱ ሐሙስ ቀትር ላይ ካቴድራሉ በር ላይ ተቀምጠው በቃል ሰምተው በቃል ይፈርዳሉ። ሥርዓቱ ከመቶ ዓመታት የተሻገረ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2009 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል።

ከድርሻ በፊት ግን የማይነካ መጠን ይቀመጥ። የደቡብ አፍሪካ የ1998 (እ.ኤ.አ.) የውሃ ሕግ ይህን በግልጽ ደንግጓል፦ ለሰው መሠረታዊ ፍላጎትና ወንዙ በሕይወት እንዲኖር የሚያስፈልገው ውሃ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ይህ ሳይደረግ ሲቀር የሚሆነውን አውስትራሊያ አይታዋለች፤ መሪ (Murray) የተባለው ወንዝ ብዙ ከተጠለፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሕር የሚገባበት አፉ በአሸዋ ተዘጋ። በ1995 ላይ በተፋሰሱ የሚወጣው ውሃ እንዳይጨምር ገደብ ተጣለ። የእናንተ ወንዝ ትንሽ ቢሆንም የመጨረሻው ተጠቃሚ ጋ ሳይደርስ የሚቆምበትን ቀን መዝግቡ፤ ቀኑ ከዓመት ዓመት እየቀደመ ከመጣ ድርሻው ከልኩ አልፏል።

ደንቡን ከዘንጉ ጋር እሰሩት። ለምሳሌ ውሃው 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ፓምፖች በተራ፣ 20 ላይ ሲደርስ የቋሚ ተክልና የጓሮ አትክልት ብቻ፣ 12 ላይ ሲደርስ መስኖ ሁሉ ይቆማል። ቁጥሮቹን እንደ ወንዛችሁ ታወጣላችሁ፤ ዋናው ነገር ዝናብ ሳለ፣ ማንም ሳይጠማ መጻፋቸው ነው። በጥማት መሀል የሚወጣ ደንብ ጉልበተኛውን ይጠቅማል።

ሰዎች ሲሰሙት የሚገርማቸውን አንድ ነገር ልጨምር። ከአፈር ቦይ የሚሰርገው ውሃ ሁሉ የጠፋ አይደለም፤ ብዙው ታች ወርዶ ወደ ወንዙ ወይም ወደ ጎረቤት ጉድጓድ ይመለሳል። ቦዩ በሲሚንቶ ሲለበጥ ወይም ጠብታ መስኖ ሲገባ ላይኛው ገበሬ "ቆጠብኩ" ብሎ ማሳውን ካሰፋ፣ ታችኛው ሰው ይመለስለት የነበረውን ያጣል። ስለዚህ ቁጠባ ከተሠራ የተቆጠበው ለማን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የሚለማውንም ሄክታር ወስኑ። በወንዙ አቅራቢያ ያሉ ፓምፕ የተገጠመላቸው ጉድጓዶችም እዚሁ መዝገብ ውስጥ ይግቡ። "እኔ ከወንዙ አልቀዳም" የሚል ባለ ጉድጓድ ወደ ወንዙ የሚመጣውን እየቀዳ ሊሆን ይችላል።

ላይ ያለውን መሬት

የበጋውን ውሃ ማብዛት የሚቻለው ዝናቡን መሬት ውስጥ በማስገባት ነው። ሥራው ከኮረብታው አናት ይጀመር፤ ላይ ሳይታከም ታች ክትር መሥራት ደለል መሰብሰብ ነው። ቁልቁለቱ ላይ የማስረጊያ ቦዮችና እርከኖች አንድ ዓይነት ከፍታ ባለው መስመር ላይ ይውጡ። መስመሩን ለማግኘት ውሃ የተሞላ ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል፤ በሁለቱ ጫፎች ያለው ውሃ ሁልጊዜ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። መስመሩ ትንሽ ካዘመመ ቦዩ ውሃ ከማስረግ ይልቅ ወደ አንድ ቦታ እየሰበሰበ አዲስ ቦረቦር ይከፍታል።

ቦረቦር ውስጥ ክትር ስትሠሩ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ከፍታ ይኑረው። መሀሉን ከዳሮቹ ዝቅ አድርጉት፤ ጎኖቹንም ግድግዳው ውስጥ ቆፍራችሁ አስገቡ። የፈረሱ ክትሮችን ስመረምር ብዙውን ጊዜ ውሃው የሄደው በጎን ነው። የተራቆተ መሬትን ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ አድርጎ ማቆየት ደግሞ ከሁሉ ርካሹ ነው፤ ሣሩ ራሱ ይመለሳል። ለባለ ከብቶች ግን ሣሩን አጭደው የሚወስዱበት መንገድ ይኑር፤ አለዚያ ክልከላው አንድ ዓመት አይዘልቅም። ረግረጉን አታጠንፍፉ።

ዛፍ ሁሉ ውሃ ያመጣል የሚለው ግን እውነት አይደለም። በደቡብ አፍሪካ በሞኮቡላን የሙከራ ተፋሰስ ሣር የነበረበት መሬት ላይ ባሕር ዛፍ ተተክሎ ጅረቱ በዘጠነኛው ዓመት ፈጽሞ ደርቋል። ከምንጭ ራስና ከወንዝ ዳር ፈጥነው የሚያድጉ ዛፎችን አርቁ፤ በቦታው የኖሩ አገር በቀል ቁጥቋጦዎችና ሣሮች ይሻላሉ።

ውጤቱ ይታያል። በህንድ ራጃስታን ግዛት የአርቫሪ ወንዝ ለአሥርት ዓመታት የሚፈሰው በዝናብ ወራት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የመንደሮቹ ሰዎች ጆሃድ የሚባሉ ትናንሽ የአፈር ኩሬዎችን በብዛት ሠሩ፤ በ1990ዎቹ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ወደ መፍሰስ ተመለሰ። ሰዎቹ በዚህ አልቆሙም፤ የወንዙን ውሃ በጋራ የሚመሩበት የራሳቸውን ምክር ቤት አቋቋሙ። ሥራውን ያስተባበሩት ራጄንድራ ሲንግ እ.ኤ.አ. በ2015 የስቶክሆልምን የውሃ ሽልማት አግኝተዋል።

ላይ የሚደክመው አንዱ፣ ታች የሚጠቀመው ሌላው ከሆነ ግን ሥራው አይቀጥልም። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 ከላይኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች ጋር ተስማምቶ ለእርሻ አያያዝ፣ ለፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጥገናና ለመሬት ግዢ ይከፍላል፤ በዚህም በቢሊዮኖች ዶላር የሚገመት የማጣሪያ ጣቢያ ሳይሠራ ቆይቷል። እናንተም ታችኛው ሰፈር በገንዘብ ባይችል በጉልበት ላይ ወጥቶ እንዲቆፍር አድርጉ። አብሮ የቆፈረ ሰው ስለ ድርሻ ሲነጋገር ሌላ ሰው ነው።

ብክለት የሚከፋው ውሃ ሲቀንስ ነው

በሰከንድ 10 ሊትር ፍሳሽ የሚለቅ ተቋም ወንዙ 1,000 ሊትር ሲሆን አንድ በመቶ ነው። ወንዙ 40 ሊትር ሲሆን ያው ፍሳሽ ከጠቅላላው ውሃ አንድ አምስተኛ ይሆናል። ፈቃድ ሲሰጥም ሆነ ሲመረመር መለኪያው የበጋው ፍሰት ይሁን የምለው ለዚህ ነው። ሙቀቱም ይጨምርበታል፦ በ20 ዲግሪ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ በ30 ዲግሪ 7.5 ብቻ ነው። ከ5 በታች ሲወርድ ብዙ ዓሦች ይጨነቃሉ።

ላቦራቶሪ ከሌላችሁ ድንጋይ ገልብጡ። ፈጥኖ በሚፈስ ጥልቀት በሌለው ቦታ ጡጫ የሚያክል ድንጋይ አውጥታችሁ ሥሩን ወደ ብርሃን አዙሩት። ጠፍጣፋ፣ በሆዱ ግራና ቀኝ ላባ የሚመስል መተንፈሻ የሚያርገበግብ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያለው እጭ ካገኛችሁ ውሃው ደህና ኦክስጅን አለው። ከአሸዋ ቅንጣት የተሠራ ትንሽ ቤት ለብሶ የተጣበቀም መልካም ምልክት ነው። እነዚህ ጠፍተው ጭቃው ውስጥ የሚቆለመሙ ቀይ ትሎች ብቻ ከቀሩ ውሃው ታፍኗል። ከፍሳሹ መግቢያ በላይና በታች አድርጋችሁ ካነጻጸራችሁ ልዩነቱን ማንም ያየዋል፤ ፎቶ አንሥታችሁ ቀንና ቦታ ጻፉበት። ይህ የላቦራቶሪን ማስረጃ አይተካም፤ ናሙናው የት ይወሰድ የሚለውን ግን ይነግራችኋል።

ከማሳ የሚመጣውን ማዳበሪያና ጸረ ተባይ ለመቀነስ በወንዙ ዳር የማይታረስ የሣር ሰቅ ተዉ። የመርጫ ዕቃ ወንዝ ውስጥ አይታጠብ። አሸዋ የሚወጣ ከሆነ ከድልድይ፣ ከጉድጓድና ከመጥለፊያ አጠገብ ይከልከል፤ የወንዙ ወለል ሲወርድ አጠገቡ ያለው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮ ይወርዳል።

አደጋ ሲመጣ ማን ለማን ይደውላል የሚለውን ዛሬ ወስኑ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1986 ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ የሳንዶዝ የኬሚካል መጋዘን ሲቃጠል እሳቱ የጠፋበት ውሃ ኬሚካሉን ይዞ ራይን ወንዝ ገባ፤ መጋዘኑ ያን ውሃ የሚይዝበት ጉድጓድ አልነበረውም። ወንዙ ቀላ፣ ኢል የሚባሉት ዓሦች በገፍ አለቁ፣ ታች ያሉ የመጠጥ ውሃ ጣቢያዎች ቅበላቸውን ዘጉ። የራይን ተጋሪ አገሮች ኮሚሽን ከ1950 ጀምሮ ነበረ፤ ጠንካራውን የድርጊት መርሐ ግብር ያወጣው ግን ከእሳቱ በኋላ በ1987 ነው። በእናንተ ተፋሰስ ኬሚካል፣ ነዳጅ ወይም ማዳበሪያ የሚከማችበትን ቦታ ሁሉ ካርታው ላይ ምልክት አድርጉ፤ ከእያንዳንዱ ውሃው ታች እስኪደርስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በበጋም በክረምትም በተንሳፋፊ ለክታችሁ ጻፉት፤ የላይኛውና የታችኛው ሰፈር ስልክ ቁጥሮችም እዚያው ይኑሩ።

ዝናቡ ሊያቆም ሲል ኮሚቴው አንድ ስብሰባ ያድርግ፦ ሠንጠረዡ ተፈትሿል ወይ፣ የዘንጉ ደንብ ለሁሉም ተነቧል ወይ፣ የትኛው ክትር ተነቅሏል፣ ዘንድሮ ስንት ሄክታር ይለማል። መዝገቡን በሁለት ቅጂ አስቀምጡ፤ አንዱ ከላይኛው ሰፈር፣ ሌላው ከታችኛው ሰፈር ጋር ይሁን፤ ንባቡም በየሳምንቱ በሁለቱም ቦታ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።